የጓዳው ሚዛን
ቀላል የስኳር ብስኩት በቤት ውስጥ ስለማዘጋጀት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት፣ ለአመራር አካላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

ክቡራን ተጋባዥ እንግዶች፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮችና አባላት፣



በእንዲህ ያለው በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ መነገሩ የተለመደ ነው። ስለ ብስኩት ንግግር መቅረቡ ግን አንዳንዱን ፈገግ ሊያሰኝ ይችላል። ሆኖም ብስኩት የሚሠራው ከስንዴ፣ ስንዴውም የሚወጣው ከአባላት ማሳ እንደመሆኑ መጠን ጉዳዩ ከበዓሉ የራቀ አይደለም። ብዙ የገበሬ ቤት ስንዴውን በኩንታል ሸጦ፣ በገበያ ቀን ለልጆቹ ብስኩት በእሽግ ገዝቶ ይመለሳል። የዚህ ንግግር ዓላማም ሁለት ነው። አንደኛው፣ ማንኛውም አባል በቤቱ ባለው ዕቃ ንፁህ ብስኩት መጋገር እንዲችል አሠራሩን ማሳየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ያ ብስኩት በሚዛን ሲታይ ስለ ገበሬው ቤተሰብ ሀብት ምን እንደሚናገር ማመልከት ነው።

ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር

የኅብረት ሥራ ታሪክ በተነሣ ቁጥር በእንግሊዝ አገር የምትገኘው የሮችዴል ከተማ ትጠቀሳለች። በዚያች ከተማ ሸማኔዎችን ጨምሮ 28 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፓውንድ አዋጥተው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1844 ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ሱቋ ስትከፈት የነበራት ሸቀጥ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ የአጃ ዱቄትና ጥቂት ሻማ ነበር። በዚያን ዘመን ዱቄትን ከባዕድ ነገር የሚቀላቅልና ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ ብዙ ስለነበር፣ ማኅበርተኞቹ ንፁህ ዕቃ በሙሉ ሚዛን መሸጥን ደንባቸው አደረጉት።

የቀላል ብስኩት ዋና ዋና ግብዓቶችም እነዚያው ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር ናቸው። በኢትዮጵያም ገበሬው ወደ ማኅበር እንዲገባ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የሚዛን ጉዳይ ነው። ከኩንታሉ ላይ የጎደለችው ኪሎ የማን ኪስ እንደገባች ያልተብሰለሰለ ገበሬ አይገኝም። በመሆኑም ማኅበራት ከሁሉ አስቀድመው በመጋዘናቸው በር ላይ ትክክለኛ ሚዛን አቆሙ። ይህ ሚዛን ግን ከመጋዘን አልፎ ወደ ጓዳ ገና አልገባም። ብስኩት ደግሞ ያለ ልክ አይሆንም። ወጥ በእጅ ግምት ይጣፍጣል፤ ዳቦም ቢሆን ውኃ ቢበዛበት ዱቄት ይጨመርበታል። ብስኩት ግን ቅቤው ትንሽ ሲበዛ ይዘረጋል፣ ትንሽ ሲያንስ ይደርቃል።

የግብዓቶቹ ጠባይ

ዱቄት፦ በኢትዮጵያ የሚመረተው ስንዴ በዋናነት የዳቦ ስንዴና ዱረም የሚባለው የፓስታ ስንዴ ነው። ለብስኩት የሚመረጠው የዳቦ ስንዴው ሲሆን፣ እንደ ቀቀባና ደንደአ ያሉት ዝርያዎች ከዚሁ ወገን ናቸው። የስንዴ ዱቄት በውኃ ተለውሶ ሲታሽ ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ ነገር ይፈጥራል። ዳቦን አቅፎ የሚያነሣው ይኸው ግሉተን ነው። ለብስኩት ግን ሲበዛ ያጠነክረዋል። ስለዚህ ዱቄቱ ጠንካራ ከሆነ አንድ አምስተኛውን በገብስ ወይም በበቆሎ ዱቄት መተካት ብስኩቱን ያለሰልሰዋል። የፉርኖ ዱቄት በማይገኝበት ቦታ ወፍጮ ቤት የተፈጨው ዱቄት በቀጭን ወንፊት ይነፋል፤ ፉርሽካውም ለከብት ይሆናል።

ቅቤ፦ የሚያስፈልገው ለጋ ቅቤ ነው። ለወጥ የተነጠረው ቅቤ ኮረሪማ፣ አብሽና ኮሰረት ስላለበት ብስኩቱን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። ለጋው ቅቤ የቀረው አሬራ እስኪወጣለት በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ይታጠባል። ቅመም ሳይገባበት የተነጠረ ቅቤ ካለ ውኃው ስለወጣለት ከለጋው መጠን አንድ አምስተኛው ይቀነሳል።

ስኳር፦ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የተጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። በአካባቢው ያሉ አርሶ አደሮችም በማኅበር ተደራጅተው ሸንኮራ አገዳ ለፋብሪካው ሲያቀርቡ ኖረዋል። በመሆኑም ስኳሩ ራሱ የገበሬ ላብ አለበት። ስኳር ለብስኩት ጣዕም ብቻ ሳይሆን ቀለምና መሰባበርንም ይሰጣል። ፍሬው ትልልቅ ከሆነ በንፁህ ሙቀጫ መውቀጥ ከቅቤው ጋር ቶሎ እንዲዋሃድ ይረዳል። በስኳር ፈንታ ማር ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ማር እርጥበት ስለሚይዝ ብስኩቱ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይቀላል።

ቤኪንግ ፓውደር፦ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ የቆየ ከሆነ ኃይሉን ያጣል። ጥቂት በሙቅ ውኃ ላይ ጣል ተደርጎ ካልፈላና አረፋ ካላወጣ አይጠቅምም።

መጠኑ

ወደ 50 ገደማ ለሚሆን ብስኩት የሚከተለው ያስፈልጋል፦

– የስንዴ ዱቄት 500 ግራም
– ለጋ ቅቤ 250 ግራም
– ስኳር 200 ግራም
– የአበሻ ዶሮ እንቁላል 2
– ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ
– ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ
– ለመዓዛ፣ ቢገኝ፣ ጥቂት የተፈቀፈቀ የሎሚ ልጣጭ

በየቤቱ ሚዛን እንደማይገኝ የታወቀ ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። አንድ ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ወይም ጣሳ ይዞ ወደ ማኅበሩ ሱቅ መሄድና በሱቁ ትንሽ ሚዛን 500 ግራም ዱቄት አስመዝኖ፣ ዱቄቱ የደረሰበትን ቦታ ምልክት ማድረግ ነው። የስኳሩና የቅቤውም እንዲሁ ይደረጋል። ዱቄት ሲጠቀጠቅ ብዙ፣ ሲበተን ጥቂት ስለሚይዝ፣ በምልክቱ ሲለካ ሁልጊዜ ሳይጠቀጠቅ በማንኪያ መጨመር አለበት። አንድ ጊዜ በትክክል የተመለከተ ጣሳ ለዓመታት ያገለግላል።

አሠራሩ

1ኛ. ዱቄቱ፣ ቤኪንግ ፓውደሩና ጨው አንድ ላይ ሁለት ጊዜ ይነፋሉ።

2ኛ. ቅቤው ሳይቀልጥ ለስለስ ሲል ከስኳሩ ጋር በእንጨት ማንኪያ ነጣ እስኪልና ቀለል እስኪል ድረስ ይመታል። ይህ ሥራ እጅን ያደክማል፤ ቢሆንም በዚህ ጊዜ የሚገባው አየር ብስኩቱን ቀለል ስለሚያደርገው መታገሥ ያስፈልጋል።

3ኛ. እያንዳንዱ እንቁላል በሌላ ዕቃ ተሰብሮ ደህና መሆኑ ከታየ በኋላ ተራ በተራ ይጨመራል። የሎሚው ልጣጭ ካለ በዚህ ጊዜ ይገባል።

4ኛ. የተነፋው ዱቄት በሦስት ተከፍሎ እየተጨመረ፣ ነጩ ዱቄት እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ይለወሳል። አይታሽም። ዳቦ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ራሱን መግታት አለበት፤ ለዳቦ ሙያ የሆነው ማሸት ለብስኩት ጥፋት ነውና።

5ኛ. ሊጡ ተሸፍኖ በቀዝቃዛ ቦታ ለአንድ ሰዓት ያህል ያርፋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሊጡ ያለበትን ዕቃ በቀዝቃዛ ውኃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ ወይም ሥራውን በማለዳ መጀመር ይቻላል።

6ኛ. ጥቂት ዱቄት በተነሰነሰበት ንፁህ ገበታ ላይ ሊጡ በመዳመጫ ወይም ታጥቦ በደረቀ ጠርሙስ ይዳመጣል። ውፍረቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከዚያም በሻይ ብርጭቆ አፍ ይቆረጣል። የተረፈው ሊጥ ተሰብስቦ አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና ቢዳመጥ ይመረጣል፤ በተደጋገመ ቁጥር ይጠነክራል።

አጋገሩ

ኦቭን ያለው ቤት በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይጋግራል። ይሁን እንጂ ድፎ ዳቦን ከላይም ከታችም እሳት አድርጎ መጋገር የሚያውቅ ቤት ኦቭን ስለሌለው ብስኩት አይቀርበትም። በትልቅ የብረት ድስት ሥር ሁለት ጣት የሚሞላ ደረቅ አሸዋ ይጨመራል። በአሸዋው ላይ ትሪውን ከፍ አድርገው የሚይዙ ሦስት ደረቅ ድንጋዮች ይደረደራሉ። ከወንዝ የመጣ እርጥብ ድንጋይ በሙቀት ሊፈነዳ ስለሚችል መጠቀም አይገባም። ድስቱ ተከድኖ ለሩብ ሰዓት ከጋለ በኋላ ብስኩቱ የተደረደረበት ትሪ ይገባል፤ ጥብቅ የብረት ክዳን ይደረግና በክዳኑ ላይ ፍም ይበተናል። የሚያስፈልገው ፍም ነው፤ ነበልባል ያሳርራል። እንደ እሳቱ ሁኔታ ከ12 እስከ 18 ደቂቃ ይፈጃል። ፍም ባለበት ሕፃናት እንዳይቀርቡ መጠበቅ ተገቢ ነው።

ብስኩቱ የሚወጣው ዳር ዳሩ ቀላ ብሎ መሐሉ ገና ነጣ እንዳለ ነው። በዚያን ጊዜ ሲነካ ለስላሳ ነው፤ ጥሬ የመሰለው ሰው መልሶ ቢያስገባው ግን ድንጋይ ይሆናል። ብስኩት የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው። ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ጥብቅ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይቀመጣል። ትኩሱን መክደን እንፋሎቱን ስለሚያስቀርበት ያልመዋል። በሚገባ የደረቀና የተከደነ ብስኩት፣ ዳቦ ከሚሻግትበት ጊዜ በላይ ሳይበላሽ ይቆያል። ለመንገድ ስንቅም ሆነ ለተማሪ የሚመቸው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ ያልተሳካለት ተስፋ መቁረጥ የለበትም። ብስኩቱ ተዘርግቶ እርስ በርሱ ከተጣበቀ ሊጡ ሞቋል ወይም ቅቤው በዝቷል። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ሊጡ ታሽቷል ወይም በእሳት ላይ ቆይቷል። ከታች አርሮ ከላይ ከነጣ የላዩ ፍም አንሷል፣ ትሪውም ወደ እሳቱ ቀርቧል። ሲነኩት ከተበተነ ዱቄቱ በዝቷል።

ለጾም ጊዜ

ረቡዕና ዓርብን፣ ሌሎቹንም አጽዋማት ለሚጾም ቤት ቅቤና እንቁላሉ ይቀራል። በምትኩ ለ500 ግራም ዱቄትና ለ200 ግራም ስኳር 200 ሚሊ ሊትር ዘይትና ከ4 እስከ 5 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ይበቃል። ስኳሩ በውኃውና በዘይቱ ከተመታ በኋላ ዱቄቱ ይጨመራል። የኑግ ዘይት ጠረኑ ስለሚጎላ ጠረኑ ቀለል ያለ ዘይት ይመረጣል። የእንግዳ ማስተናገጃ በጾምም ሆነ በፍስክ ከቤት እንዳይጠፋ ይህ አሠራር ይጠቅማል።

ስለ ስኳሩ አንድ ማሳሰቢያ

200 ግራም ስኳር ለ50 ብስኩት ሲካፈል ለአንዱ 4 ግራም ይደርሳል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ሰው በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረውን ስኳርና የመሳሰለውን በቀን ከሚያገኘው የምግብ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲያደርግ ይመክራል። ይህ ለአዋቂ ሰው በቀን 50 ግራም ያህል ሲሆን ለሕፃን ከዚያ ያነሰ ነው። ሻይውም ስኳር እንዳለበት መዘንጋት አይገባም። ስለሆነም ብስኩት ለልጅ ቁርስን የሚተካ አይደለም። ሁለት ፍሬ ከበሶ ወይም ከቆሎ ጋር በቂ ነው። በቤት የሚጋገር ብስኩት አንዱ ጥቅምም ይኸው ነው፤ የገባበትን የሚያውቀው ጋጋሪው ራሱ ነው።

ብስኩቱ በሒሳብ ሲታይ

የተከበራችሁ አባላት፣

አሁን ደግሞ ወደ መጋዘኑና ወደ ኩንታሉ መመለስ ያስፈልጋል። ከአንድ ኩንታል ስንዴ 75 ኪሎ ነጭ ዱቄት ተገኘ ይባል። በአንድ ጊዜ 500 ግራም እየተጋገረ 150 ጊዜ ይጋገርበታል፤ 7,500 ብስኩትም ይወጣዋል። ቁጥሩ ያስደስታል። ይህን የሰማ ሁሉ «ስንዴያችን ብስኩት ሆኖ ቢሸጥ ኖሮ!» ማለቱ አይቀርም። ሆኖም ያው ሒሳብ እስከ መጨረሻው ሲሠራ ሌላ ነገር ይናገራል። ለዚያ አንድ ኩንታል ስንዴ 37 ኪሎ ተኩል ቅቤ፣ 30 ኪሎ ስኳርና 300 እንቁላል ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ማገዶው፣ ውኃውና የ150 ቀን የጓዳ ድካም አለ።

እያንዳንዱ አባል የአንድ ኩንታል ስንዴንና የ37 ኪሎ ተኩል ቅቤን ዋጋ በሚገበያይበት ገበያ ያውቀዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ በብስኩቱ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው ስንዴው አለመሆኑን ይረዳል። ስንዴው በማኅበሩ መዝገብ ላይ በኪሎ ተጽፏል፤ ደረሰኝ ተቆርጦለታል፤ የትርፍ ክፍፍልም ይታሰብበታል። ቅቤውና እንቁላሉስ? አብዛኛውን ጊዜ የእናት እጅ ያፈራቸው ናቸው። ከእነርሱ የሚገኘው ገንዘብም ለጨው፣ ለሳሙናና ለልጆች ደብተር የሚውል የእርሷ ገንዘብ ነው። በየትኛውም መዝገብ ላይ ግን አልሰፈሩም። ከጓዳ የወጣ ነገር በነፃ እንደተገኘ ይቆጠራል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዲት እናት በገበያ ቀን 50 ብስኩት ጋግራ ብትሸጥና እጇ ላይ ገንዘብ ብታገኝ፣ ቤቱ አተረፈች ይላታል። የገባውን ሩብ ኪሎ ቅቤና ሁለት እንቁላል በዕለቱ ዋጋ ካላሰበች ግን ቅቤውን እንዳለ ብትሸጥ ይሻላት እንደነበር ላታውቅ ትችላለች። በድካሟ ላይ ኪሳራ ተጨምሮባት፣ ኪሳራውንም የሚያይ ሰው የለም። ሚዛን ያጎደለ ነጋዴ ገበሬውን እንደጎዳው ሁሉ፣ ያልተመዘነ ጓዳም እናቲቱን ይጎዳል።

ከዚህ አንፃር ሦስት ነገሮችን ማመልከት ይገባል።

አንደኛ፣ ለቤት የሚጋገርም ሆነ ለሽያጭ የታሰበ ብስኩት የገባበት ሁሉ በዕለቱ የገበያ ዋጋ በደብተር ይጻፍ፤ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ማገዶውና የፈጀው ሰዓት ጭምር። እናት መጻፍ ካልቻለች ተማሪው ልጅ ይጽፋል፤ ለእርሱም የሒሳብ ትምህርት ይሆነዋል። ከአሥር ጊዜ ጋገራ በኋላ ደብተሩ ራሱ ያዋጣል ወይም አያዋጣም ብሎ ይመሰክራል።

ሁለተኛ፣ በመሠረታዊ ማኅበራትም ሆነ በወረዳ ደረጃ ብስኩት ማምረቻ ስለማቋቋም ሲታሰብ፣ ማሽን ከመታዘዙና ብድር ከመጠየቁ በፊት የእነዚህ ደብተሮች ውጤት ይታይ። በፋብሪካ የሚመረት ብስኩት በለጋ ቅቤ ፈንታ ርካሽ የአትክልት ስብ ስለሚገባበት ዋጋው ዝቅ ይላል። የገበሬዋ የቅቤ ብስኩት በዋጋ ሳይሆን በጥራቷ ትወዳደር እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለሽያጭ ከሆነ የንጽሕናና የፈቃድ ጉዳይም አብሮ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ባጸደቃቸው መርሆች አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ፣ በጾታም ልዩነት የማይደረግበት እንደሆነ ሰፍሯል። በብዙ ቤት ግን አባል ተብሎ የተመዘገበው አባወራው ብቻ ነው። የቅቤና የእንቁላል አቅራቢዋ እናት በራሷ ስም አባል ስትሆን፣ ምርቷ በማኅበሩ ሚዛን ይመዘናል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ በጠቅላላ ጉባኤም ድምፅ ይኖራታል። ይህ ለእርሷ የሚደረግ ችሮታ ሳይሆን የማኅበሩን ሀብት በትክክል መቁጠር ነው።

በማጠቃለያም፣ ከዚህ በዓል ወደ ቤት የሚመለስ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ጣሳ ይዞ ወደ ማኅበሩ ሱቅ ይሂድ፤ የግማሽ ኪሎውንም ምልክት ያድርግበት። በመጪው ቅዳሜ ብስኩቱ ይጋገር፤ ልጆች ይቅመሱ፣ ጎረቤት ቡና ይጠራ። ቡናው ሲያልቅ ደግሞ ደብተሩ ይከፈትና በመጀመሪያው መስመር ላይ «ቅቤ 250 ግራም» ተብሎ ይጻፍ፤ ከጎኑም የዕለቱ ዋጋና የባለቤቲቱ ስም።

መልካም በዓል!